«ልጅ ከአባቷ ጋር ትተሳሰባለች እንዴ?»

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። ስሟን ትቼ፣ ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጋሼ፣ የምኖረው ደሴ ነው። ኮምቦልቻ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አለቃችን ነጋ ጠባ ‹እኛ ቤተሰብ ነን› ይለናል። ሁለት ወር ሙሉ እሁድን ጭምር ሠርቼ የትርፍ ሰዓቴን ብጠይቀው ‹ልጅ ከአባቷ ጋር ትተሳሰባለች እንዴ?› አለኝ። አፍሬ ወጣሁ። ማታ ቤት ስናገር አያቴም ‹እንደ ልጁ ለያዘሽ ሰው እንዲህ ይባላል?› አለችኝ። ገንዘቡ የኔ መሆኑን አውቃለሁ። ታዲያ ለምንድን ነው በዳይዋ እኔ የሆንኩ ያህል የተሰማኝ? የቤተሰብ ቋንቋ ህሊናችን ላይ እንዲህ የሚያዘው በምን ሥልጣኑ ነው?»

አብሽሪ። አልበደልሽም። ይህን አስቀድሜ ልበልና ወደ ነገሩ ልግባ፤ የያዘችኝ የመጨረሻዋ ጥያቄሽ ናት። የቋንቋ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰው ሲናገር ሳያውቀው አብሮ የሚያስገባውን ሐሳብ ስለቃቅም ነው።

ደብዳቤሽን እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ቆጠርኩት። ‹የቤተሰብ ቋንቋ› ያልሽውን ሳልጨምር ስድስት የዝምድና ቃል አለበት፦ ጋሼ፣ ቤተሰብ፣ ልጅ፣ አባት፣ አያት፣ እንደገና ልጅ። ከስድስቱ የእውነት ዘመድሽ አያትሽ ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ ውሰት ነው። እኔም ገና አንድ ቃል ሳልጽፍልሽ ‹ጋሼ› ተብዬ ታላቅ ወንድም ሆኛለሁ። ታላቅ ወንድም መምከርም መቆጣትም ይችላል። ወንበሩን ያቀረብሽልኝ አንቺ ነሽ። አለቃሽ ግን ወንበሩን ራሱ ጎትቶ ተቀመጠበት።

ትምህርት ቤት ‹ተለዋጭ ዘይቤ› ሲባል የግጥም ጌጥ ነው ብለን ተምረናል። «እሷ ጨረቃ ናት» ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ1980 ጆርጅ ሌኮፍ የተባለ የቋንቋ ምሁርና ማርክ ጆንሰን የተባለ ፈላስፋ ይህን ትምህርት ገለበጡት። ዘይቤ የምናስብበት መሣሪያ ነው አሉ። የማይጨበጠውን በሚጨበጠው እንይዘዋለን። ጊዜን እንደ ገንዘብ እናባክናለን። ስንናደድ ደማችን ይፈላል። ጽድቅና ኃጢአት፣ ደግነትና ክፋትም አይጨበጡም። ታዲያ በምን እንያዛቸው? ሁላችንም አስቀድመን የምናውቀው ሥርዓት የቤታችን ነው። «አትንካ»ን የሰማነው፣ ኩርኩም የቀመስነው፣ ለታናሻችን ማካፈልን የተማርነው ገበታ ዙሪያ ነው። ሌላው ሁሉ ሥርዓት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ በቤቱ ልክ እንሰፋዋለን።

ሌኮፍ እ.ኤ.አ. በ1996 ይህንኑ ወደ አሜሪካ ፖለቲካ ወሰደው። ግራ ያጋባው አንድ ነገር ነበር። ወንጀለኛ ይቀጣ ብሎ የሚጮህ ሰው ድሃ በመንግሥት መረዳቱን የሚቃወመው ለምንድን ነው? ሁለቱን ምን አገናኛቸው? መልሱ፣ ወግ አጥባቂውም ሊበራሉም ወገን አገርን እንደ ቤተሰብ፣ መንግሥትን እንደ ወላጅ ነው የሚያስቡት የሚል ሆነ። የተለያዩት ወላጁ ላይ ነው። አንዱ ቤት ቆፍጣና አባት አለ። ዓለም አደገኛ ናት፤ ልጅ ካልተቀጣ ሰው አይሆንም፤ ያልሠራ አይብላ። በዚህ ቤት ያለ ሥራ የተሰጠ እርዳታ ልጁን ያሞላቅቀዋል። ሌላው ቤት የሚያቅፍ፣ የሚያዳምጥ፣ ከአደጋ የሚጠብቅ ወላጅ አለ። እዚያ ደግሞ የወደቀን አለማንሳት ነው ነውሩ። ብዙ ሰው ሁለቱንም በልቡ ይዞ እንደሚዞር ሌኮፍ ራሱ ተቀብሏል። ቢሮ ቆፍጣና፣ ቤት አቃፊ የሆነ ሰው አንቺም ታውቂ ይሆናል።

ነገሩ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርጫ ጥናት ስለ ልጅ አስተዳደግ አራት አጫጭር ጥያቄዎችን ይጠይቃል። ልጅ በራሱ የሚቆም ቢሆን ይሻላል ወይስ ታላቁን የሚያከብር? ለማወቅ የሚጓጓ ወይስ ሥርዓት ያለው? ስለ ፖለቲካ አንዲት ቃል የለባቸውም። ግን ተመራማሪዎቹ ሰውየው ስለ ሥልጣንና ስለ ቅጣት ያለውን አቋም ከመልሱ ይገምታሉ። ይህንኑ ደሴ ቡና ላይ ብታነሺው ግን ይከሽፍብሻል። «ታላቁን የማያከብር ደግሞ በራሱ ምን ብሎ ይቆማል?» ይሉሻል፤ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዱልሽ።

የከሸፈበት ምክንያት አለው። የሌኮፍ ቤት የአሜሪካ ቤት ነው። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅ፣ በር ዝግ። የኛ ቤት በሩ ክፍት ነው። አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ አበልጅ አለ። እኔ ልጅ ሆኜ ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤት ድረስ ጆሮዬን የመጠምዘዝ መብት የነበራቸው ሰዎች አሥር ይሞላሉ።

ለዚህ ነው የአማርኛ ትልቁ የሥነ ምግባር ቃል ‹አባት›ም ‹እናት›ም ያልሆነው። ‹አሳዳጊ› ነው።

ባለፈው ክረምት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እወርድ ነበር። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ወርዷል። ሹፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ነው የሚነዳው። ረዳቱ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት መልሳቸውን ጠየቁ። ዝርዝር የለኝም አለ። ደገሙት። «ማዘር፣ አታድርቂኝ በቃ!» አላቸው። መኪናው ውስጥ ጸጥ አለ። ሴትዮዋ አልጮሁም። «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ብቻ አሉት። ይህ ጥያቄ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ከፊት ያለ አንድ ሰው ዞሮ አየውና «የሙጋድ ሰፈር ልጅ አይደለህ? እናትህን አውቃታለሁ እኮ። እሷ እንዲህ ናት?» አለው። ልጁ አንገቱን ደፋ። ቁልቁለቱን ሳንጨርስ ከሹፌሩ ዝርዝር ለምኖ መልሱን በሁለት እጁ ሰጣቸው። «ይቅርታ እማማ» ያላቸውን የሰማሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ልብ በይ፣ ማንም ስለ ስርቆት አላወራም። ማንም ሕግ አልጠቀሰም። ክሱ የሄደው ምናልባት በዚያች ሰዓት ምጣድ ላይ ወዳለች ሴት ነው። እናትየው በሌለችበት ተከሰሰች። ልጁም መልሱን የመለሰው እሷን ነጻ ለማውጣት ነው።

ስድባችንንም እዪው። ሰው ሲባልግ «አሳዳጊ የበደለው» እንላለን። ቃሉን ፈታ አድርገሽ አንብቢው። ተበዳዩ ማን ነው? ተሰዳቢው! ማሳደግ የሚገባው ሰው ስላላሳደገው ነው እንዲህ የሆነው እያልን ነው። ስንሰድበው እንኳ ዕዳ እንዳለው ሳይሆን ዕዳ እንዳልተከፈለው አድርገን ነው። ከቆፍጣናው አባት ቤት እዚህ ላይ እንለያለን። እዚያ ልጅ ከክፋቱ መገራት አለበት። እዚህ ልጅ ማደግ ይገባዋል፤ ያላሳደገው ይጠየቃል። (ኩርኩሙ ግን ከነሱ ያንሳል ብዬ አልምልም።)

‹አሳዳጊ› የግድ ወላጅ አይደለም። ሕጋችን የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግን ‹ጉዲፈቻ› ይለዋል። ከኦሮምኛ የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩም ማሳደግ ማለት ነው። ጥንት ደግሞ የጡት ልጅነት የሚባል ነበር። አዋቂው ሰውዬ ራሱ ከለላ ፈልጎ ወደ አንድ ባለሥልጣን ይሄዳል። ማር የተቀባ ጣት ይጠባል። በቃ፣ የጡት ልጅ ሆነ። የጡት አባቱ ጺማም ወንድ መሆኑ ማንንም አላሳቀም። ምክንያቱም ጡቱ ዘይቤ ነው። ግን ዘይቤው ዋጋ ነበረው። ልጁ ሊታዘዝ፣ አባትየው ሊጠብቀውና ሊጦረው ይገባ ነበር። አንዱ ግማሽ ብቻውን አይሠራም።

ስለ ነገሥታቶቻችንም እንዲሁ። አጼ ቴዎድሮስ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ናቸው። የደሴው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ። እዚህ ላይ ‹አባ› ባለቤት ማለት ነው፤ የፈረሱ ጌታ። አባትና ባለቤት በቋንቋችን ምን ያህል እንደሚጎራበቱ ከዚህ ይታያል። ምኒልክም የፈረስ ስም አላቸው፤ አባ ዳኘው። ሕዝቡ ግን ምን አላቸው? እምዬ። ወንድ ንጉሥ፣ ጦር የመራ፣ እናት ተባለ። ርኅራኄን ለማመስገን ሕዝቡ ያገኘው ከሁሉ የበለጠ ቃል እሱ ነበር።

አሁን ወደ አለቃሽ ልመለስ። የአሳዳጊ ዘይቤ ሁለት አፍ አለው። ወቀሳው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ አሳዳጊው። ውለታው ግን ወደ ፊት ይመጣል፣ ወዳደገው። ያሳደገሽን ሰው ሂሳብ አትጠይቂውም። የጠየቀም ‹የእናት ጡት ነካሽ› ነው። ይህች ቃል አገር ከዳ ለሚባል ሰው ሁሉ የምትወረወረው ለዚሁ ነው። ክርክሩን ሳይጀምሩ ትጨርሰዋለች። አገር እናት ከሆነች፣ አንተም ጥርስ ያበቀልክ ሕፃን ነህ፤ ከሕፃን ጋር ማን ይከራከራል?

አለቃሽ ያደረገው ይህንኑ ነው። አልዋሸሽም፣ አልሰደበሽም። ሚና አደለሽ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እሱ አባት፣ አንቺ ልጅ ሆናችሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሠራው የራስሽ ጥሩ አስተዳደግ ነው። ያፈርሽው ለዚህ ነው። አሳዳጊ የበደለው ሰው ቢሆን ኖሮ አያፍርም ነበር፤ ጠረጴዛ ደብድቦ ገንዘቡን ይዞ ይወጣ ነበር። ሐፍረትሽ የጥፋትሽ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። እዚያ ወንበር ላይ የማይገባ ሰው መቀመጡን ነው የሚያሳየው።

ይህ የቆየ ዘዴ ነው። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሮበርት ፊልመር የሚባል ሰው ነበር። ንጉሥ በሕዝቡ ላይ ያለው ሥልጣን ከአዳም የወረደ የአባት ሥልጣን ነው ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1680 ነው። ፈላስፋው ጆን ሎክ በ1689 መልስ ሰጠው። ሁለቱን ነጥቦቹን እወዳቸዋለሁ። አንደኛ፣ ትእዛዙ የሚለው «አባትህንና እናትህን አክብር» ነው፤ እናትየዋን የት ጣልካት? ሁለተኛ፣ የአባት ሥልጣን የመጣው ልጅ ራሱን መምራት ስለማይችል ነው። ልጅ አድጎ ነገር ሲለይ ክብሩ ይቀራል እንጂ ሥልጣኑ ያበቃል። የኮምቦልቻው አለቃሽ ሎክን አላነበበ ይሆናል። ግን ደመወዝ የሚከፍለው ለሕፃን እንዳልሆነ ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ቀልድ ልጨምር። ሥራችንን «እንጀራዬ» እንላለን አይደል? እንግዲህ ቀጣሪ አባት ከሆነ፣ የእንጀራ አባት ነው። የዝምድናው ልክ እሱ ነው።

«ዘይቤ ይህን ያህል ጉልበት አለው?» የሚለኝ ሰው አለ። ልክ ነው፣ መጠራጠር ደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት ተመራማሪዎች የአንድ ከተማ ወንጀል ለአንዳንዱ አንባቢ እንደ አውሬ፣ ለአንዳንዱ እንደ ቫይረስ ተደርጎ እንዲቀርብ አደረጉ። አውሬ ያነበበው ወደ ማሰርና መቅጣት አዘነበለ። ቫይረስ ያነበበው ምክንያቱን ወደ ማከም። ቆይተው ሌሎች ሲደግሙት ግን ያን ውጤት አላገኙም። እኔ እንደማየው አንድ ጊዜ የተወረወረ ዘይቤ አስማት አይደለም። ነጋ ጠባ የሚባል ግን ሌላ ነው። አለቃሽ ‹ቤተሰብ ነን› የሚለው ነጋ ጠባ ነው ብለሻል፤ ራስሽ ነሽ የጻፍሽው።

ሌላም የሚያስገርመኝ ነገር አለ፤ ይህን የደሴ ሰው ያልሆነ ሰው ብዙም አያስተውለውም። ግማሹ ሰፈራችን ጠዋት «አባታችን ሆይ» ብሎ ይጸልያል። ሌላው ግማሽ ፈጣሪን አባት ብሎ አይጠራም፤ በእስልምና አይባልም። አላህ አይወልድም፣ አልተወለደም። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሁለቱም አሉበት፤ ወንድሙ መስጊድ፣ እህቱ ቤተ ክርስቲያን። የቤተሰብ ዘይቤ የሚመጣው ከሃይማኖት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ስለ ነውርና ስለ ክብር የሚናገሩት የተለያየ በሆነ ነበር። ግን ሁለቱም «አሳዳጊ የበደለው» ይላሉ። ሁለቱም «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። አባት የሚለው ቃል ባይኖርም ቤቱ አለ፤ በዐረብኛ ረህማ፣ ማለትም ምሕረት፣ እና ማህፀንን የሚሰይመው ቃል ከአንድ ሥር ናቸው። ዝምድናን መቀጠልም ‹ሲለተ ረሒም› ነው፤ የማህፀንን ገመድ መቀጠል እንደ ማለት። አንዱ ወገን አባት አለ፣ ሌላው ማህፀን። ከቤት የወጣ የለም።

አሁን ደግሞ ስፈልጋት የነበረችው ቃል። አለቃሽ ምን አለሽ? «ትተሳሰባለች እንዴ?» ኧረ ሰውዬው ሳያውቀው የተናገራት ቃል ዕንቁ ናት። መተሳሰብ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሂሳብ መዝጋት፤ ማን ለማን ስንት እንዳለበት ማወቅ። ሌላው አንዱ ለሌላው ማሰብ፤ መተዛዘን። ‹የሚተሳሰቡ ጎረቤቶች› ስንል ማመስገናችን ነው። ሐሳብም ሂሳብም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። የሚተዛዘኑና የሚቆጣጠሩ ሰዎችን በአንድ ቃል የጠራ ቋንቋ ሁለቱን እንደ ጠላት አላየም ማለት ነው። አለቃሽ ቃሏን ሁለት ላይ ሰንጥቆ አንዱን ግማሽ ብቻ ወረወረብሽ።

አያትሽ የቅሬ፣ ማለትም የወሎ ዕድር፣ አባል ናቸው ብዬ ልገምት። ደሴ ተኖሮ ያለ ቅሬ አይሞትም። ቅሬ ከዝምድና በምን ያንሳል? ይቀብርሻል፣ ያስተዛዝንሻል፣ ድንኳን ይተክልልሻል። ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ለቀስተኛ ይሆንልሻል። ታዲያ ቅሬ መዝገብ የለውም? ገንዘብ ያዥ የለውም? ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ወርኃዊ መዋጮ ያጓደለ ይጠየቃል፤ የገንዘብ ያዡ የገዛ ወንድምም ቢሆን። የሚጠየቀውም ነውር ሆኖ አይቆጠርበትም። እንዲያውም መዝገቡ የተዝረከረከ ቅሬ ነው የሚፈርሰው። ወሎ ውስጥ ባዳን ዘመድ ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ደብተር ይዞ ነው የሚያደርገው።

ስለዚህ አያትሽን «አንቺ አልገባሽም» አትበያቸው። ገብቷቸዋል። የሚያውቁት ቤተሰብነት እውነተኛ ነው፤ እሳቸው የተናገሩት አለቃሽ ግማሹን እንደሸጠላቸው ስላላወቁ ነው። ቡና አፍልተሽ ስለ ቅሬው መዝገብ ጠይቂያቸው። «ያልከፈለ ሰው ‹ልጃችሁ ነኝ› ቢል ትተውታላችሁ?» በያቸው። ከበረካው በፊት መልሱን ራሳቸው ይነግሩሻል።

ከአለቃሽ ጋር ደግሞ «እኛ ቤተሰብ አይደለንም» ብለሽ አትጀምሪ። በኛ ጆሮ ይህ ስድብ ነው፤ ነገሩ ከገንዘብ ወደ ክህደት ይዞርብሻል። ዘይቤውን አትንጠቂው፣ ሌላውን ግማሽ አምጪለት። ወረቀቱን ይዘሽ ግቢ። «እርስዎ አባት ካሉኝ ልጅዎ ሳትከፈል እንድታድር አይፈልጉም። ደግሞም እኔን የቀጠሩኝ ለመተሳሰብ ነው» በይው። ሂሳብ ሠራተኛ አይደለሽ!

ሕጉ ከጎንሽ ነው፤ እሱን ባጭሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቀን ላይ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን የተሠራ በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። እሁድ ዕረፍትሽ ከሆነ እሁዶችሽ እጥፍ ናቸው። አዋጁ ውስጥ ‹ልጅ›ና ‹አባት› የሚባሉ ተዋዋዮች የሉም።

አንድ የማይረሳ ነገር አለ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አይቻልም ማለት ነው። ሁለቱ ወር ካለፈሽ ቆይቷል? የሠራሽባቸውን ቀኖች ከነመግቢያና መውጫ ሰዓታቸው ዛሬ ማታ ጻፊያቸው። ማን አብሮሽ እንደነበረም ከጎኑ አስፍሪ። ዋናውን ቤት አስቀምጪ፤ ቢሮ ይዘሽ የምትገቢው ቅጂው ይሁን።